ክንዴ አንዴ 31 አንዴ 30 ይላል፤ የጨመርኩት ጡንቻ ነው ወይስ ሆድ?

ቦርከና ማዶ፦

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ኮምቦልቻ ነኝ። ጥያቄዬ ስለ ሰውነት ልኬት ነው።

ቁመቴ 1.74 ነው። ብረት ስጀምር 61 ኪሎ ነበርኩ፤ አራት ወር ሆነኝ፣ አሁን 65 አካባቢ ነኝ። በልብስ ሰፊ ሜትር የወሰድኳቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ ቀኝ ክንድ ተወጥሮ 29 የነበረው አንድ ሰሞን 31 ገባ፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ 30 ሆኖ ተገኘ። ደረት ከ88 ወደ 92። ወገብ ከ76 ወደ 79። ጭን 50 ነበር፣ አሁንም 50 ነው።

ፕሮግራሜ ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ክንድ፣ ረቡዕ ትከሻ፣ ሐሙስ ደረትና ክንድ፣ ዓርብ የቀረውን ነው። እግር አልፎ አልፎ። ቤንች (ተጋድሞ ብረትን ከደረት ወደ ላይ መግፋት) በ40 ኪሎ ጀምሬ አሁን 55ን 8 ጊዜ እገፋለሁ።

የምመዘነው ያገኘሁበት ቦታ ነው፤ እዚህ ጂም ውስጥ ባለው፣ ቅዳሜ ደሴ ስወጣ ደግሞ ፒያሳ መንገድ ዳር ልጆቹ ይዘው በሚቀመጡት ሚዛን። በአንድ ቀን የሁለት ኪሎ ልዩነት ያሳዩኛል።

የጨመርኩት ምንድን ነው? ክንዴስ ለምን ወጣ ገባ ይላል? ደግሞ ሥራዬ ፈረቃ ነው፣ አንድ ሳምንት ቀን አንድ ሳምንት ሌሊት። "ጠዋት ተመዘን" የሚባለው ለእኔ መቼ ነው? ፕሮቲን ዱቄት የመግዛት አቅም ስለሌለኝ እሱን አትምከሩኝ።


ሜትርና እርሳስ፦

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። ከቁጥሮችህ ብዙ ይነበባል፤ ግን በቅድሚያ ሜትሩን እናስተካክል።

የልብስ ሰፊ ሜትር ለሰውነት ከአናጢው የብረት ሜትር ይሻላል፣ ይተጣጠፋልና። ችግሩ ሲቆይ ይለጠጣል፤ ጫፉ ላይ ያለችው ቆርቆሮም ትላላለች ወይ ትወልቃለች። ጠረጴዛ ላይ ዘርጋውና ከብረት ሜትር ጎን አስተኝተህ አስተያየው። 100 ሴንቲ ላይ ግማሽ ሴንቲ እንኳ ካዛነፈ ሌላ ግዛ። የተበላሸው ጫፉ ብቻ ከሆነ ግን ከ10 ጀምረህ ለካና ከመጣው ላይ 10 ቀንስ።

ክንድህ ከ31 ወደ 30 የወረደው ጡንቻው ሟሽሾ አይደለም። ሜትሩ የዞረበት ቦታ በሁለት ጣት ወጣ ወይ ወረድ ብሏል፣ ወይ የሳብክበት ኃይል ተለያይቷል፣ ወይ ደግሞ አንዱን የለካኸው ከስፖርት በኋላ ነው። ክንድ ተሠርቶ ደም ሲሞላው (ጂም ውስጥ ፓምፕ የምንለው) ከአንድ ሴንቲ በላይ ሊጨምር ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። 31 የመጣው ሐሙስ ከጂም ስትወጣ ከሆነ መልሱ እሱ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ክርንህን 90 ዲግሪ እጠፍና ትከሻህ ጫፍ ላይ ከምትዳሰሰው አጥንት እስከ ክርንህ ጫፍ ያለውን ርዝመት ለካ። 36 ከመጣ 18 ላይ በእስክሪብቶ ጭረት አድርግ። ከዚያ ክንድህን ዘና አድርገህ አውርደውና ሜትሩን በጭረቱ ላይ አዙረው። ቆዳውን ይንካ እንጂ አያሰርጉደው። ቁጥሩን በመስታወት አታንብብ፤ ሜትሩን ሳታላላ ወደ ዓይንህ አዙረው። የተወጠረ ክንድም መለካት ካማረህ ለብቻው በሌላ መስመር ጻፈው፣ ያኔ ቦታው ጭረቱ ሳይሆን ጉብታው ከፍ ያለበት ነው። እኔ ዘና ያለውን እመርጣለሁ፤ ሲወጥር የማያጋንን ሰው የለም።

ጭን ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ከፍታውን ነው። ሁለት እግርህ ላይ እኩል ቁም፣ ከጉልበትህ ሎሚ የላይኛው ጠርዝ ተነስተህ 20 ሴንቲ ወደ ላይ ቁጠርና እዚያ ላይ ለካ። ዛሬ 20 ላይ፣ የዛሬ ወር 23 ላይ ከለካህ ጭንህ ሳያድግ አድጎ ታየዋለህ። ባት በጣም የሰፋበት ቦታ ላይ ነው፣ ቀላል ነው። ደረት በጡት ጫፍ ልክ፣ ከጀርባ በኩል ሜትሩ እንዳይወርድ ሰው ይያዝልህ፤ እጅህን አውርደህ በተፈጥሮ ተንፍሰህ ስትጨርስ ይነበብ። አየር ስበህ የተለካ ደረት ከንቱ ቁጥር ነው።

ወገብ ከሁሉም ይበልጣል። የመጨረሻውን የጎድን አጥንትና የዳሌ አጥንትህን አናት በጣት ፈልግ፤ የሁለቱ መካከል ነው ቦታው። በእምብርትህ ልክ መለካት ከቀለለህም ይሁን፣ ግን ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ አይደለም። ሆድህን አትሳብ፣ አትግፋም።

ሁሉንም ሁለት ሁለቴ ለካ። ሁለቱ ከግማሽ ሴንቲ በላይ ከተራራቁ ሦስተኛ ለካና መካከለኛውን ያዝ። ክንድ ላይ ከግማሽ ሴንቲ በታች፣ ወገብ ላይ ከአንድ ሴንቲ በታች የሆነ ለውጥ ለውጥ አይደለም፣ የእጅህ ስህተት ነው። በወር አንዴ በቂ ነው፤ በየሳምንቱ መለካት ራስን ማድከም ነው።

ሚዛኑ ደግሞ አንድ ይሁን። የመንገዱን ሚዛን ተወው፤ በጫማና በጃኬት፣ ምሳ ተበልቶ፣ ባልተስተካከለ ኮብልስቶን ላይ የሚመጣ ቁጥር ነው። ሁለት ኪሎ ብቻ መለያየቱ ራሱ ይገርማል። የጂሙን ከተጠቀምክ ሴራሚክ ወለል ላይ አስቀምጠው፣ ምንጣፍ ላይ ይዋሻል። እውነተኛነቱን ለመፈተን ባዶ ጀሪካን ይዘህ ውጣበት፣ ከዚያ በታሸገ የሊትር ጠርሙስ እየለካህ 10 ሊትር ውኃ ሙላበትና እንደገና ውጣ። ልዩነቱ 10 ኪሎ መሆን አለበት።

ለፈረቃ ሠራተኛ "ጠዋት" ማለት ከዋናው እንቅልፍ የነቃህበት ሰዓት ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓትም ይሁን። ሽንት ቤት ደርሰህ፣ ሳትበላ ሳትጠጣ። ፈረቃ በተቀየረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚመጣውን ቁጥር አትቁጠረው፤ እንቅልፍም ምግብም ተዛብቶ ነው የሚመጣው። ከቻልክ በየቀኑ ተመዘንና የሳምንቱን አማካይ ያዝ። ለምሳሌ 64.8፣ 65.4፣ 64.6፣ 65.9፣ 65.1፣ 64.9፣ 65.3 ከመጣ አማካዩ 65.1 ነው። የ65.9ዋ ቀን ማታ የበላኸው ጨውና እንጀራ እንጂ ሌላ አይደለችም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አራት ኪሎ በአራት ወር ለጀማሪ ደህና ፍጥነት ነው። ቤንች ከ40 ወደ 55 መውጣቱና ደረት 4 ሴንቲ መጨመሩ ጡንቻ እንዳለበት ይመሰክራሉ። ወገብ 3 ሴንቲ መጨመሩ ደግሞ ስብም እንዳለበት ይናገራል። ጭንህ ከ50 አለመነቃነቁ ምስጢር የለውም፣ አልሠራኸውም። ወገብህ ከቁመትህ ግማሽ፣ ማለትም ከ87 በታች ስለሆነ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ግን በዚሁ ፍጥነት የወገቡ ቁጥር ከቀጠለ የምትበላው ከሚያስፈልግህ በልጧል ማለት ነው። ክብደት ወጥቶ ወገብ ባለበት ቆሞ የምታነሳው ከጨመረ፣ ያኔ ነው "ጡንቻ ነው" ብለህ የምትፎክረው።


ጦሳ ሥር፦

ልኬቱን ሜትርና እርሳስ ጨርሶታል። እኔ የማየው ፕሮግራምህ ነው፤ ወንድሜ ሙች፣ ይሄ የወንበዴ ፕሮግራም ነው! አራት ቀን ከወገብ በላይ፣ ጀርባ የለ፣ እግር የለ። በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ትከሻ ወደ ፊት የሚጎብጥበት፣ ቤንች ላይ የሚያምበት ምክንያት ይሄው ነው፤ ደረት ይጎትታል፣ የሚመልሰው ጀርባ የለም።

ፈረቃ ላለበት ሰው በሰኞና በማክሰኞ የታሰረ ፕሮግራም አይሆንም። ሁለት ክፍለ ጊዜ ያዝ፣ "ሀ" እና "ለ"። ያመቸህ ቀን ተራው የደረሰውን ትሠራለህ፤ በሳምንት ሦስቴ፣ በመካከል ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፍት።

በ"ሀ" ቀን ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጭ ብድግ) 4 ዙር፣ ቤንች 4 ዙር፣ ጎንበስ ብሎ ብረት ወደ ሆድ መሳብ 4 ዙር፣ መጨረሻ ላይ ባይሴፕስ (የክንድ የፊት ጡንቻ) 2 ዙር። በ"ለ" ቀን እግርን ብዙ ሳያጥፉ የሚሠራው ዴድሊፍት (ጎንበስ ብሎ ብረት አውርዶ ማንሳት፣ ሮማኒያን የሚባለው) 3 ዙር፣ በዳምቤል ዘንበል ባለ ቤንች ደረት 3 ዙር፣ ፑል አፕ ወይም የኬብል መሳቢያ 3 ዙር፣ ትከሻ ወደ ላይ መግፋት 2 ዙር፣ ላንጅ (አንድ እግር ወደ ፊት ረግጦ ዝቅ ማለት) 2 ዙር፣ ትራይሴፕስ (የክንድ የኋላ ጡንቻ) 2 ዙር። እንዲህ ሲሽከረከር ለደረትም ለጀርባም በሳምንት በአማካይ ወደ 10 ዙር ይደርሳል፤ ላንተ ደረጃ ከዚያ በላይ ድካም ነው ትርፉ። ትልልቆቹ እንቅስቃሴዎች ላይ በአንድ ዙር ከ6 እስከ 10 ድግግሞሽ፣ ክንድ ላይ ከ10 እስከ 15። እያንዳንዱን ዙር ጨርሶ እስኪያቅትህ አትሂድ፣ አንድ ወይ ሁለት ድግግሞሽ ሲቀርህ አቁም።

አጨማመሩ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚንገዳገደው። አሁን 55ን 8 ትገፋለህ። 55 ላይ ቆይተህ 8፣ 8፣ 7፣ 6 የሚለው ወደ 10፣ 10፣ 10፣ 10 ሲደርስ ብቻ 57.5 ጫን። ያኔ ወደ 8 እና 7 ትወርዳለህ፣ ልክ ነው፣ እንደገና ትገነባለህ። ብዙ ጂም ውስጥ ያለው ትንሹ ክብደት 2.5 ኪሎ ነው፣ ሁለት ጎን ሲሆን 5 ኪሎ ይዘላል። እዚያ ከሆንክ 12፣ 12፣ 12፣ 12 እስክትደርስ ጠብቅና ዝለል። ወይ ሁለት የጨርቅ ከረጢት አሰፋና በእያንዳንዱ 1.25 ኪሎ አሸዋ ጨምረህ አፉን ሰፍተህ ዘንጉ ጫፍ ላይ እሰር። ቢያስቅም ይሠራል።

ዘንጉን ራሱን መዝን። እኛ ጋ ያለው ዘንግ ሁሉ 20 ኪሎ አይደለም፤ ብየዳ ቤት የተሠራ ብዙ አለ፣ 9ም 13ም ይመጣል። ዘንጉን ይዘህ ሚዛን ላይ ውጣ፣ የራስህን ቀንስ። ኮምቦልቻ 55 ያልከው ደሴ ሌላ ጂም 62 ሊሆን ይችላል፤ ሰው "ዛሬ ጉልበት የለኝም" ብሎ የሚመለሰው በዘንግ ልዩነት ነው።

ደብተርህ ላይ የሚጻፈው አንድ መስመር ነው፦ "ቤንች 55፦ 9፣ 8፣ 8፣ 7። ዕረፍት 3 ደቂቃ። አራተኛው ላይ ቂጥ ተነሳ።" ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ዋና ነች። ቂጥህ ከቤንቹ ከተነሳ፣ ዘንጉን ደረትህ ላይ ካነጠርክ፣ ግማሽ መንገድ ወርደህ ከተመለስክ ድግግሞሹ አልተቆጠረም። ቁጥር ያደገው አሠራሩ ስለተበላሸ ከሆነ ጡንቻው ምንም አያውቅም።

ቤንች ላይ ክርንህን ከጎንህ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ አድርገው፣ እንደ መስቀል አትዘርጋው፤ ዘንጉ ወደ ደረትህ ታችኛው ክፍል ይውረድ። አውራ ጣትህን በዘንጉ ዙሪያ ጠቅልል። የሚይዝልህ ሰው ከሌለ ደግሞ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለውን የክብደቱን ማገጃ አትዝጋ፣ ከከበደህ ወደ አንድ ጎን አዘንብለህ ክብደቱን ታንሸራትተዋለህ። ዘንግ አንገት ላይ የሚቀረው በተዘጋ ማገጃ ነው።

ዕረፍት ትልልቆቹ ላይ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ፣ ክንድ ላይ አንድ ደቂቃ ተኩል። ደሴ ወጥተህ ስትሠራ ትንሽ ጨምርበት፤ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። አንዱን ዙር ማንሳት ላይ ልዩነት አይሰማህም፣ በዙሮች መካከል ትንፋሽ መመለሱ ላይ ነው የሚሰማህ። በዚያ ቅዝቃዜ ጠዋት ላይ ደግሞ በባዶ ዘንግ፣ ከዚያ በግማሽ ክብደት ሳታሟሙቅ 55 ላይ አትዝለል።


ቦርከና ማዶ፦

ጀዛኩሙላሁ ኸይረን፣ ሁለታችሁም። 31 የመጣው በእርግጥ ከጂም በኋላ ነበር። ምግቡ ቀረኝ። ቤት የሚበላው ሽሮ፣ ምስር፣ እንጀራ፣ ሲገኝ እንቁላል ነው። ረመዳን ሲገባስ ምን ይደረጋል?


የሽሮ ሒሳብ፦

አብሽር ወንድሜ፣ ሽሮና ምስር የያዘ ሰው ብዙ አልጎደለበትም። የጎደለው ሒሳቡ ነው።

ለጡንቻ በቀን በኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን በቂ ነው። 65 ሲባዛ በ1.6፣ 104 ግራም። ከየት ይመጣል? አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። ግማሽ ሊትር ወተት 16። 100 ግራም ጥሬ ምስር 24 ገደማ፣ ሽምብራ 20፣ ባቄላ 26፣ ለውዝ 25። የጤፍ ዱቄት በ100 ግራም 13 ገደማ አለው፤ እንጀራን ሰው ከሒሳብ ያስወጣዋል፣ ግን በቀን 250 ግራም ዱቄት የሚሆን እንጀራ ከበላህ 30 ግራም ከዚያ መጥቷል።

ስለዚህ ሦስት እንቁላል፣ ግማሽ ሊትር ወተት፣ 100 ግራም ምስር፣ 60 ግራም የሽሮ ዱቄትና እንጀራህ ሲደመር ወደ 100 ይደርሳል። እንቁላልና ወተት በሌለበት ቀን (የክርስቲያን ጾም ላይ ያላችሁም ይህን ያዙ) በእነሱ ምትክ 100 ግራም የሽምብራ ቆሎና 60 ግራም ለውዝ ግባበት፤ ያው ነው የሚመጣው። የጥራጥሬና የእህል ፕሮቲን እርስ በርሱ ይሟላል፣ ምስር በእንጀራ መብላታችን ራሱ መፍትሔው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ 100 ግራም ምስር የምለው ጥሬውን ነው። ተቀቅሎ ውኃ ሲጠጣ 100 ግራሙ 9 ግራም ብቻ ነው ያለው። "አንድ ሳህን ምስር ወጥ በልቻለሁ" የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የበላው መረቅ ነው። ቤት ለብዙ ሰው የሚሠራ ከሆነ ጥሬውን በሱቅ ሚዛን አስመዝነህ ስንት ሰው እንደሚበላው አካፍል፤ አንድ ኪሎ ምስር ለስድስት ሰው ለሁለት ቀን ከሆነ ላንተ በቀን 83 ግራም ገደማ ደርሶሃል፣ 20 ግራም ፕሮቲን ነው።

ክብደት ለመጨመር በቀን ከ200 እስከ 300 ካሎሪ ትርፍ በቂ ነው። ወገብህ ከደረትህ እኩል ሊሮጥ የደረሰው ከዚያ ስለበለጠ ይመስለኛል፤ ዘይት ላይ ተመልከት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ነው፤ እኛ ቤት ደግሞ ዘይት በማንኪያ አይለካም። ክብደትህ በአማካይ ለሁለት ሳምንት ካልተነቃነቀ 70 ግራም በሶ በውኃ በጥብጠህ ጨምር፣ ያ ወደ 250 ካሎሪ ነው። ወገብ በወር አንድ ሴንቲና ከዚያ በላይ ከጨመረ ደግሞ በሶውን ሳይሆን ዘይቱን ቀንስ።

ረመዳን ላይ ጡንቻ አይጠፋም፣ ካላቆምክ። ከኢፍጣር በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይተህ ብትሠራ ይሻላል፤ ተራዊሕ ካለብህ ከእሱ በኋላ። ዙሮቹን በሲሶ ቀንስ፣ ዘንጉ ላይ ያለውን ክብደት ግን አትቀንስ፤ ጥንካሬን የሚይዘው የክብደቱ መጠን ነው፣ የዙሩ ብዛት አይደለም። የ100 ግራሙን ፕሮቲን በኢፍጣር፣ በእራትና በሱሁር ሦስት ቦታ ክፈለው። ሳምቡሳና ጣፋጭ ከሾርባውና ከምስሩ በኋላ ይምጣ፣ ቀድሞ ሆድ እንዳይሞላ። ሚዛን የሚወጣው ለሱሁር ስትነሳ፣ ከመብላትህ በፊት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ኪሎ ቢወርድ ውኃና የአንጀት ይዘት ነው፤ በዚያ ሰሞን ልኬት አትውሰድ።


ሐረጎ ጠመዝማዛ፦

ሁሉም ጥሩ ነው ግን ለምን በሜትር ትደክማላችሁ? አንዳንድ ጂም ላይ ቆማችሁ እጀታ የምትጨብጡበት ማሽን አለ፤ ስብ ይሄን ያህል፣ ጡንቻ ይሄን ያህል ብሎ ወረቀት ያወጣል። እኔ ሰዎች ሲለኩበት አያለሁ፤ በጣም ግልጽ ነው።


ሜትርና እርሳስ፦

ወረቀቱ ግልጽ ነው፣ ቁጥሩ ግን አይደለም። ማሽኑ ስብ አይቶ አይደለም የሚለካው፤ ደካማ ኤሌክትሪክ በሰውነትህ አሳልፎ ውኃው እንዴት እንዳስተላለፈው ነው የሚያየው፣ የቀረውን በቀመር ይገምታል። ኮምቦልቻ በቀትር ሙቀት ላብ በላብ ሆነህ ከወጣህበት አንድ ነገር፣ ሁለት ሊትር ጠጥተህ ከወጣህበት ሌላ ነገር ይልሃል። በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለት ኪሎ "ጡንቻ" የሚጠፋበት እዚያ ወረቀት ላይ ነው። ተጠቀምበት ካልክ እንደ ሚዛኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በባዶ ሆድ፣ በዚያው ማሽን ይሁን፤ የአንዱን ቀን ውጤት ሳይሆን የወራቱን አቅጣጫ እይ።

ክሬቲን (ለጉልበት የሚወሰደው ዱቄት) የምትወስዱም ይህን እወቁ። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡንቻ ውስጥ ውኃ ስለሚይዝ ክብደት አንድ ኪሎ ገደማ ይዘላል፣ ማሽኑም ጡንቻ ነው ብሎ ይጽፈዋል። ለደም ምርመራ ከሄዳችሁ ደግሞ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ክሬቲን ኩላሊት የሚመረመርበትን የክሬቲኒን ቁጥር ከፍ ስለሚያደርግ ኩላሊት የታመመ ሊያስመስል ይችላል።


ጦሳ ሥር፦

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። "የማወፈሪያ ክኒን" ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አለ፤ ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታዞን (ሐኪም የሚያዝዘው የስቴሮይድ መድኃኒት) ነው። ፊት ይሞላል፣ ሚዛን ይወጣል፣ ሰው "አማረብህ" ይልሃል። ውስጡ ግን ውኃና ስብ ነው፤ መድኃኒቱ ራሱ ጡንቻን ይሰብራል። ሜትር ያጋልጠዋል፦ ወገብና ፊት ይጨምራል፣ ጭንና ክንድ ይቀጥናል፣ ስኳት ላይ ጉልበት ይከዳል። ስኳርና የደም ግፊትም ከፍ ያደርጋል። ለወራት የወሰደ ሰው ግን በራሱ ፈቃድ በአንድ ቀን እንዳያቆም፤ ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማምረት ስላቆመ ሊወድቅ ይችላል። ሐኪም ነው ቀስ በቀስ የሚያስቆመው። የቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) መርፌም ጡንቻ ይጨምራል፣ ያ እውነት ነው፣ ግን የራስህን ምርት ይዘጋል፤ ልጅ ለመውለድ የሚያስብ ወጣት ሊነካው የማይገባ ነገር ነው።

ጂም መክፈል ለከበዳችሁ፣ ቤት ውስጥ የሲሚንቶ ብረት ይሠራል። የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አናቱ ተቆርጦ በኮንክሪት ሲሞላ ከ11 እስከ 12 ኪሎ ይመጣል። ዘንግ የሚሆነው ቧንቧ ኮንክሪቱ መካከል ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እንዲሁ ከተተወ ግን በኋላ ተንሸራቶ ይወጣል፤ ስለዚህ ኮንክሪቱ ውስጥ የሚቀበረውን ጫፍ ብየዳ ቤት ወስዳችሁ አጭር ፌሮ በመስቀል አስበይዱበት። አንዱን ጎን ሞልታችሁ ሲጠነክር ገልብጡና ሌላውን ሙሉ። ለአንድ ሳምንት በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት፤ ፀሐይ ላይ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ከጭንቅላት በላይ ሲነሳ ቢሰበር ጉድ ነው። ሁለቱ ጎን እኩል መሆኑን ዘንጉን መካከል ላይ በጣት አንጠልጥላችሁ እዩ፣ ክብደቱን መዝናችሁ በቀለም ጻፉበት።


ሰኞ ገበያ፦

ሰላም ወንድሞች፣ እኔ ሴት ነኝ፤ ዳሌና ጭን ላይ ነው የምሠራው። ልኬቴ በወሩ ውስጥ ራሱ ይለዋወጣል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወገቤ ሁለት ሴንቲ ወጥቶ ይመለሳል። ክብደትም እንደዚያው። የቱን ልያዝ?


ሜትርና እርሳስ፦

እህቴ፣ ያ ውኃ ነው። ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት ሰውነት ውኃ ይይዛል፣ ሆድም ይነፋል፤ አንድና ሁለት ኪሎ መጨመር የተለመደ ነው። ስለዚህ በቀን መቁጠሪያ ወር አትለኪ። የወር አበባሽ ካበቃ በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ለኪ፣ የሚቀጥለውንም በዚያው ቀን፤ ያንን ከዚያኛው ጋር ብቻ አወዳድሪ። ዳሌ የሚለካው ቂጥ በጣም በወጣበት ቦታ ነው፣ እግሮች ገጥመው፣ ሜትሩ ከፊትም ከኋላም በእኩል ከፍታ። ወፍራም ታይት ለብሰሽ አንዴ፣ በቀጭን ልብስ አንዴ ከለካሽ ግማሽ ሴንቲውን የወሰደው ጨርቁ ነው። ጭንሽ አድጎ ወገብሽ ባለበት ከቆመ፣ ስኳትና ዴድሊፍት ላይ የምታነሺው እየጨመረ ከሆነ፣ ሚዛኑ ለሁለት ወር አንድ ቦታ ቢቆምም ሥራሽ እየያዘ ነው፤ ፕሮግራም አትቀይሪ።